ሁለቱ መዛግብት፦ የመጀመሪያዎቹ እንስሳት ታሪክ በዐለትና በሕዋስ

የሰው ልጅ ራሱ በምድር ላይ ከመታየቱ በፊት ስለነበረው ሕይወት ማወቅ ሲሻ የሚያገላብጣቸው ሁለት መዛግብት አሉት። አንደኛው ከእግራችን ሥር የተነጠፈው ዐለት ነው። በባሕርና በሐይቅ ግርጌ የተጠራቀመ ደለል ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ፣ በውስጡ የተቀበሩት ፍጥረታት ቅርጻቸውን ትተው ያልፋሉ። ሁለተኛው መዝገብ ደግሞ በእያንዳንዱ ሕያው ፍጡር ሕዋስ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም ዲ.ኤን.ኤ. በሚባለው ረጅም ሞለኪውል ላይ የሰፈረው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው የዘር መልእክት ነው። የመጀመሪያውን መዝገብ የሰው ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመረምረው ኖሯል። ሁለተኛውን እንደ ታሪክ ምስክር ቆጥሮ ማንበብ የጀመረው ግን ከ60 ዓመታት ወዲህ ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በባዮሎጂ ትምህርታቸው ዝግመተ ለውጥ የሚለውን ርእስ ይማራሉ። እቤት ሲመለሱም «አባባ፣ ይህ ነገር እውነት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ቁጣ ወይም ዝምታ ከሆነ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ዕውቀትና እምነት በአንድ ቤት አብረው መቀመጥ አይችሉም የሚል ነው። ስለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዴት እንዳገኘው፣ የት ላይ የጸና፣ የት ላይ ገና የሚያከራክር እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። የሚከተለው ታሪክ ለዚህ ይረዳ ዘንድ የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀደምት ሊቃውንት ምን አሉ?

ስለ ጥንታዊ ፍጥረት መጠየቅ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ11ኛው መቶ ዘመን ባዘጋጀው ኪታብ፣ የዐረብ በረሃ በአንድ ወቅት ባሕር እንደነበረ ገልጿል። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበውም ጉድጓድ ሲቆፈር ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን ዛጎል ነበር። ከእርሱ ቀደም ብሎ በባስራ የኖረው አል-ጃሒዝ ሰባት ጥራዝ ባለው «ኪታብ አል-ሐየዋን» ስለ እንስሳት አመጋገብ፣ ጠባይና ስለ እርስ በርስ መበላላታቸው በሰፊው ጽፏል። ኢብን ኸልዱን ደግሞ በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ውስጥ ማዕድናት፣ ዕፅዋትና እንስሳት በደረጃ የተያያዙ መሆናቸውን ያትታል። እንደ እርሱ አገላለጽ የዕፅዋት የመጨረሻ ደረጃ የሆኑት ቴምርና ወይን፣ የእንስሳት የመጀመሪያ ደረጃ ከሆኑትና ከመዳሰስ በቀር ሌላ ስሜት ከሌላቸው ከቀንድ አውጣና ከዛጎል ለባሾች ጋር ይጎራበታሉ።

በዘመናችን አንዳንድ ጸሐፊዎች በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ተመርኩዘው «ሊቃውንቶቻችን ዳርዊንን ቀድመዋል» ይላሉ። ይህ የተጋነነ ነው። የእነርሱ ሐሳብ የፍጥረታትን ደረጃና ትስስር የሚገልጽ እንጂ፣ ዘር በዘር ሲተካ እንዴት እንደሚለወጥ በማስረጃ የሚያስረዳ አልነበረም። ልንኮራበት የሚገባን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በመሬት ውስጥ የተገኘ ዛጎልን እንደ ምስክር ቆጥረው መጠየቃቸው ነው።

በዐለቱ መዝገብ የጎደሉት ገጾች

በ1859 እንግሊዛዊው ቻርለስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም አንድ ትልቅ ችግር እንደገጠመው አልደበቀም። በጊዜው በሚታወቁት ጥንታዊ ዐለቶች ውስጥ ትሪሎባይትን የመሳሰሉ ውስብስብ እንስሳት በድንገት ይታያሉ። ከእነርሱ በታች ባለው ንብርብር ግን ምንም የለም። ሕይወት ቀስ በቀስ የተለወጠች ከሆነ የእነዚህ እንስሳት ቀዳሚዎች የት ገቡ? ዳርዊን ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ እንደሌለውና ጥያቄው በሐሳቡ ላይ የሚቀርብ ተገቢ ክርክር መሆኑን በራሱ ብዕር አምኗል።

ይህ በድንገት የመታየት ዘመን ካምብሪያን ይባላል። እንደ ዛሬው ልኬት የጀመረው ከ539 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በ1909 አሜሪካዊው ቻርለስ ዋልኮት በካናዳ ተራሮች ላይ፣ በ1984 ደግሞ ቻይናዊው ሁ ሺያንጓንግ በዩናን ግዛት ቼንግጂያንግ በተባለ ቦታ፣ አጥንት የሌላቸው ለስላሳ እንስሳት ሳይቀሩ የታተሙባቸውን የካምብሪያን ዐለቶች አገኙ። እነዚህ ግኝቶች የካምብሪያንን ባሕር በፍጥረት የተሞላ አድርገው አሳዩ፤ ጥያቄውን ግን ይበልጥ አከበዱት እንጂ አልፈቱትም።

ከካምብሪያን በፊት ያለው ገጽ ባዶ አለመሆኑ የታወቀው ቀስ ብሎ ነው። በ1946 ሬጅናልድ ስፕሪግ የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ በደቡብ አውስትራሊያ በኤዲያካራ ኮረብቶች የጄሊፊሽ ዓይነት መልክ ያላቸውን ኅትመቶች በዐለት ላይ አየ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ ነገሩን አቅልለው ተመለከቱት። በእንግሊዝ አገር ቻርንዉድ በተባለ ደን ደግሞ በ1956 ቲና ኔገስ የተባለች ተማሪ በዐለት ላይ የቅጠል መልክ ያለው ኅትመት አይታ ለመምህሯ ተናገረች። መምህሯ ግን በእነዚያ ዐለቶች ውስጥ ቅሪተ አካል ሊኖር አይችልም ብለው መለሱላት፤ መጻሕፍቱ የሚሉት ይህንኑ ነበርና። በዓመቱ በ1957 ሮጀር ሜሰን የተባለ ሌላ ተማሪ ያንኑ ዓይነት ኅትመት አግኝቶ ለባለሙያ ሲያሳይ ነገሩ እውነት ሆነ። ፍጡሩም በ1958 ቻርኒያ ማሶኒ ተብሎ በልጁ ስም ተሰየመ። ከ635 እስከ 539 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ያለው ይህ ጊዜ በ2004 ኤዲያካራን የሚል ይፋ ስም ተሰጥቶታል።

ከዚህ ላይ ወላጆችና መምህራን አንድ ቁም ነገር ይያዙ። ልጅ በዓይኑ ያየውን ሲናገር «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ተብሎ ከመባረሩ በፊት ሄዶ ማየት ይገባል።

ሁለተኛው መዝገብ ሲከፈት

ኤሚል ዙከርካንድል በቪየና የተወለደ ባዮሎጂስት ነበር። ሊነስ ፖሊንግ ደግሞ በኬሚስትሪና በሰላም ሁለት የኖቤል ሽልማት የተቀበለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ሁለቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ አብረው ሲሠሩ ደምን ቀይ የሚያደርገውን ሄሞግሎቢን የተባለ ፕሮቲን በተለያዩ እንስሳት ያነጻጽሩ ነበር። ሄሞግሎቢን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ሙስበሓ በተሰካኩ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። አልፋ የተባለው የሰው ሰንሰለት 141 ቅንጣቶች አሉት። ከጎሪላ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በ1 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከፈረስ ጋር ሲነጻጸር በ18 ቦታ ነው። እንስሳቱ በዝምድና በራቁ ቁጥር ልዩነቱም ይበዛል።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት በሐረርና በወሎ ኪታብ በእጅ ይገለበጥ የነበረበትን ጊዜ እናስታውስ። አንድ ገልባጭ አንዲት ቃል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይወስዳሉ። ሌላው ገልባጭ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ 20 ቅጂዎችን አሰባስቦ ስሕተቶቻቸውን ያነጻጸረ ሰው የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ፣ የትኞቹ ሁለት ቅጂዎች አንድ እናት ቅጂ እንዳላቸው ሊያውቅ ይችላል፤ እናት ቅጂው ራሱ ጠፍቶ እንኳ ቢሆን። ዲ.ኤን.ኤ.ም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ ጥቃቅን ለውጦች ያድሩበታል። ለውጦቹ በተመጣጠነ ፍጥነት የሚጠራቀሙ ከሆነ ደግሞ ብዛታቸውን ቆጥሮ ሁለት ዘሮች ከተለያዩ ስንት ዘመን እንደሆነ መገመት ይቻላል። ዙከርካንድልና ፖሊንግ በ1965 ይህንን የሞለኪውል ሰዓት ብለው ጠሩት።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ የአሜሪካዊው የካርል ዉዝ ነው። እርሱ ከጆርጅ ፎክስ ጋር በመሆን በ1977 ሁሉም ሕያው ፍጡር በሚጋራው የሕዋስ ክፍል ላይ አተኮረ። ይህ ክፍል ሪቦሶም ይባላል፤ ፕሮቲን የሚሠራበት ቦታ ነው። ከባክቴሪያ እስከ ዝሆን ድረስ ሪቦሶም የሌለው ሕያው ፍጡር ስለሌለ፣ የእርሱን መልእክት በማነጻጸር የሩቅ ዘመዳሞችን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ተቻለ። በ1988 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ በእንስሳት ዓለም ላይ በስፋት ሠሩበት።

ዘመዳሞቹ እነማን ናቸው?

ውጤቱ ብዙ የቆዩ ግምቶችን አናጋ። ቀደም ሲል ነፍሳት ለምድር ትል እንደሚቀርቡ ይታመን ነበር፤ ሁለቱም ሰውነታቸው በቀለበት የተከፋፈለ ነውና። በ1997 የታተመ ጥናት ግን ነፍሳትና ሸርጣኖች የሚቀርቡት ወስፋትን ለመሳሰሉ ድቡልቡል ትሎች መሆኑን አሳየ። እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ሲያድጉ የላይ ሽፋናቸውን መግፈፋቸው ነው። የምድር ትል ደግሞ ዘመድነቱ ከቀንድ አውጣ ጋር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በ1993 የወጣ ሌላ ጥናት እንጉዳይና እርሾ ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት እንደሚቀርቡ አመልክቶ ነበር።

ከሁሉም የሚደንቀው የእንስሳት የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘው ፍጡር ነው። ኮዋኖፍላጀሌት የሚባሉት በባሕርና በጣፋጭ ውኃ የሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። እያንዳንዱ ጅራፍ የመሰለ አንድ ጭራና በጭራው ዙሪያ ኮሌታ የመሰለ ቀለበት አለው። ጭራውን ሲያወናጭፍ ውኃው ይንቀሳቀሳል፤ ባክቴሪያዎችም በኮሌታው ላይ ተይዘው ይበላሉ። አሜሪካዊው ሄንሪ ጄምስ ክላርክ ገና በ1860ዎቹ እነዚህ ፍጥረታት ስፖንጅ ምግቡን ከሚያጠልልባቸው ሕዋሶች ጋር ቁርጥ አንድ መሆናቸውን ተመልክቶ ነበር። ሞለኪውሉ ከ100 ዓመት በላይ ዘግይቶ የእርሱን ዓይን መሰከረለት።

በ2008 ኒኮል ኪንግና ባልደረቦቿ የአንዱን ኮዋኖፍላጀሌት የዘር መልእክት በሙሉ አንብበው አሳተሙ። 9,200 ያህል ጂኖች ተገኙበት። ከእነዚህ መካከል በእንስሳት አካል ውስጥ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያጣብቁት ካድኸሪን የሚባሉት ፕሮቲኖችና ሕዋሶች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው መሣሪያዎች ይገኙባቸዋል። ብቻውን የሚኖር ሕዋስ ሙጫ ምን ይሠራለታል? ምናልባት ምግቡን ለመያዝ ወይም አካባቢውን ለመዳሰስ ይጠቀምበት ይሆናል። ዋናው ነጥብ ግን አካል የተሠራባቸው ዕቃዎች ከአካል በፊት የነበሩ መሆናቸው ነው። በ2012 ደግሞ የዚያው ቡድን ተመራማሪዎች አንድ ሌላ ኮዋኖፍላጀሌት ከባክቴሪያ የሚወጣ የስብ ዓይነት ሲደርሰው እየተከፋፈለ እንደ አበባ የተሰባሰበ ማኅበር እንደሚሠራ አሳዩ።

አካልን የሚያዝዙ ጂኖች

በ1984 በስዊዘርላንድና በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች፣ የፍራፍሬ ዝንብን አካል ከራስ እስከ ጭራ በየቦታው የሚያደላድሉት ጂኖች አንድ የጋራ ክፍል እንዳላቸው አስታወቁ። እነዚህ ጂኖች ሲበላሹ ዝንቧ በቀንዷ ቦታ እግር ታበቅላለች፤ ወይም ከሁለት ክንፍ ይልቅ አራት ይኖራታል። ያው ክፍል በእንቁራሪት፣ በአይጥና በሰው ሲፈለግ እዚያም ተገኘ። ከዝንብ ጋር የሚያመሳስለን ነገር የለም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ የማይጠበቅ ዜና ነበር። በዝንብ እድገት ላይ ለብዙ ዓመታት የደከሙት ኤድዋርድ ልዊስ፣ ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዓይን ላይ የታየው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በሰው ልጅ ፓክስ 6 የሚባለው ጂን ሲጎድል ሕፃኑ የዓይኑ ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል ሳይኖረው ይወለዳል። በ1994 የቫልተር ጌሪንግ ቡድን በዝንብ ላይ ዓይን የሚያሳጣው ጉድለት በዚሁ ጂን አቻ ላይ የደረሰ መሆኑን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎቹ የአይጥን ጂን ወስደው በዝንብ እግር ውስጥ እንዲሠራ ሲያደርጉት በእግሯ ላይ ዓይን በቀለ። የበቀለው የዝንብ ዓይን እንጂ የአይጥ ዓይን አልነበረም። ጂኑ «ዓይን ይሠራ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ የዓይኑን ዓይነት የሚወስነው ግን የሚሠራበት አካል ነው። ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው የዝንብና የሰው የጋራ ቀዳሚ ቢያንስ ብርሃንን የሚለይ ቀላል አካልና ይህን ጂን ሳይኖረው አልቀረም ይላሉ።

ሰዓቱ ስንት ይላል?

የሞለኪውል ሰዓት ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ትክክል አይደለም። አንዱ ገልባጭ ጠንቃቃ ሌላው ችኩል እንደሚሆን ሁሉ፣ ለውጥ በአንዱ ዘር በፍጥነት በሌላው በዝግታ ይጠራቀማል። በ1996 የታተመ አንድ ታዋቂ ስሌት የእንስሳት ዋና ዋና ነገዶች መለያየት ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደጀመረ ገመተ። ይህም ከዐለቱ መዝገብ ጋር የግማሽ ቢሊዮን ዓመት ልዩነት ነበረው። የፍጥነቱን መለያየት ያገናዘቡ የኋላ ስሌቶች ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት የዛሬዎቹ እንስሳት የጋራ መነሻ ከ833 እስከ 650 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ አስልቷል። ወሰኑ እንዲህ መስፋቱ ራሱ ሰዓቱ የሚሰጠው ግምት እንጂ የቀን መቁጠሪያ አለመሆኑን ይናገራል።

ሁለቱን መዛግብት ለማስታረቅ ሦስተኛ ምስክር ተፈለገ፤ እርሱም በዐለት ውስጥ የቀረ የስብ ርዝራዥ ነው። በ2009 በደቡብ ኦማን ከምድር በታች ካሉ ከ635 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጡ ዐለቶች ውስጥ የስፖንጅ ምልክት ነው የተባለ የስብ ዓይነት መገኘቱ ተነገረ። ለብዙ ዓመታትም የእንስሳት ጥንታዊ አሻራ ተብሎ ሲጠቀስ ቆየ። በ2020 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የተራ አልጌ ስብ በምድር ውስጥ ሲለወጥ ያንኑ ምልክት ሊሰጥ እንደሚችል በሙከራ አሳዩ። የኦማኑ ምስክር ቃሉ አጠራጣሪ ሆነ። በአንጻሩ በ2018 ከሩሲያ ነጭ ባሕር ዳርቻ በመጣ የ558 ሚሊዮን ዓመት ዐለት ላይ ጠንካራ ማስረጃ ተገኘ። ዲኪንሶኒያ የምትባለው፣ ከአንድ ሜትር በላይ ልታድግ የምትችል ጠፍጣፋ የኤዲያካራን ፍጡር፣ በኅትመቷ ላይ የቀረው ስስ ሽፋን ሲመረመር በአብዛኛው የኮሌስትሮል ርዝራዥ ሆኖ ተገኘ። ኮሌስትሮል የእንስሳት ስብ ነው፤ በአካባቢው የነበረው የአልጌ ስብ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነበር። ዳርዊን የጎደለው ገጽ ከፊሉ በዚህ መንገድ ተነበበ።

ያልተቋጨው ክርክር

ከእንስሳት ሁሉ ቀድሞ ከጋራው ግንድ የተገነጠለው የትኛው ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ ስፖንጅ ነበር፤ ነርቭም ጡንቻም የለውምና። በ2008 ግን ብዙ ጂኖችን በአንድ ላይ ያነጻጸረ ጥናት ኮምብ ጄሊ የሚባሉትን እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፉ የባሕር እንስሳት አስቀደመ። እነዚህ ነርቭም ጡንቻም አላቸው። ይህ እውነት ከሆነ ወይ ስፖንጅ የነበረውን ነርቭ አጥቷል፤ ወይ ነርቭ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተገኝቷል። ሌሎች ሊቃውንት ውጤቱ የስሌቱ ዘዴ ያመጣው ነው ብለው ተቃወሙ። በ2023 አንድ ቡድን ጂኖች በክሮሞዞም ላይ በአንድነት የተቀመጡበትን አሰላለፍ መረመረ። በስፖንጅና በሌሎች እንስሳት ተቀላቅለው የሚገኙት የጂን ስብስቦች በኮምብ ጄሊና በባለ አንድ ሕዋስ ዘመዶቻቸው ተለያይተው አሉ። የጤፍና የገብስ ዱቄት አንዴ ከተቀላቀለ ወደ ነበረበት እንደማይመለስ፣ የተቀላቀሉት ጂኖችም ተመልሰው አይለያዩም። ይህ ለኮምብ ጄሊ ወገን ብርቱ ማስረጃ ሆነ፤ ቢሆንም ክርክሩ አልተዘጋም።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ከላይ ያየነው ታሪክ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንድናይ ያስገድደናል። እንስሳት በዘር የተያያዙ መሆናቸው፣ ዐለት፣ ሄሞግሎቢን፣ ሪቦሶምና የዓይን ጂን ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ቃል የሰጡበት ነው። ማን ከማን በፊት ተገነጠለ፣ በስንት ሚሊዮን ዓመት የሚለው ግን ገና የሚመረመር ነው። ሁለተኛው የሚያከራክር ስለሆነ የመጀመሪያውም ውድቅ ነው ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ይህ ማስረጃ የሰውን አካልም እንደሚነካ መደበቅ አይገባም። የሰው ሄሞግሎቢንም ከተነጻጸሩት አንዱ ነውና። በዚህ ላይ የዘመናችን ሙስሊም ሊቃውንት አቋም የተለያየ ነው። ከፊሎቹ ዝግመተ ለውጥን በጠቅላላው አይቀበሉም። ከፊሎቹ በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ ተቀብለው የአደምን (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር ለብቻው ያዩታል። ከዚያም አልፈው የሚሄዱ አሉ። የትራብሎሱ ዓሊም ሁሰይን አል-ጂስር ገና በ1888 ባሳተመው ኪታብ የያዘው መንገድ ዛሬም ሊታሰብበት ይገባል። እርሱ በጊዜው የቀረበው ማስረጃ አላረካውም ነበር፤ ሆኖም ጉዳዩ በማያጠራጥር ማስረጃ ቢረጋገጥ ጥቅሶቹን ከእርሱ ጋር አስማምቶ መረዳት የሚቻል መሆኑንና የፈጣሪን ፈጣሪነት እንደማያስቀር ተናግሯል። እርሱ በኖረበት ዘመን ዲ.ኤን.ኤ. የዘር መልእክት ተሸካሚ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። የዛሬው ሙስሊም ግን ከእርሱ የበለጠ ማስረጃ በእጁ አለ፤ ስለዚህ የማጣራት ኃላፊነቱም ከእርሱ ይበልጣል።

እንግዲህ ልጅ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ና፣ ማስረጃውን አብረን እንየው» ማለት ይሻላል። ያልገባንን እንደገባን አድርገን አንንገረው። የማያከራክረውን አከራካሪ፣ አከራካሪውን የተቋጨ አናድርግበት። እውነትን የሚፈልግ አማኝ በማየት የሚያጣው ነገር የለም፤ ያልታየ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስፈራል። ወላሁ አዕለም።